እኩል ነው ማለት ምን ማለት ነው?

የከተማችን ስም ቢያንስ በአራት መልክ ይጻፋል፤ ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣእና። አማርኛ የሚያነብ ሰው አራቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ልዩነቱን ልብ የሚለው እንኳ ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ግን አራት ከተማ ያያል። በአንጻሩ ከፋሲካ በፊት ያለውን እሑድ «ሆሳዕና» ብለን ብንጽፍለት፣ ዘንባባ የምናስርበትን በዓልና በሀዲያ ምድር ያለችውን ከተማ አንድ ናቸው ይለናል። አንዱን አራት፣ ሁለቱን አንድ! ታዲያ «እኩል ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ አንባቢ ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ ማውራት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው የቃልና የፍቺ ጥያቄ ነው፤ የቃልና የፍቺ ጥያቄ ደግሞ የእኛ ነው። የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሪዎች ከዚህ ጥያቄ ጋር ሃምሳ ዓመት ያህል ታግለዋል። የደረሱበት መልስ እንደየቋንቋው ይለያያል፤ ከመልሶቹ መካከል ደግሞ የሚሻልና የሚከፋ አለ ብዬ አምናለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው፣ ለምን እንደሚሻል መናገር ነው።

ነገሩን ከሥር እንጀምረው። «ፈልግ» የምትባል አንዲት ትንሽ የሥራ ትእዛዝ እናስብ። ዝርዝር ይሰጣታል፤ የሚፈለግ ነገርም ይሰጣታል። ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ እያስተያየች በመጨረሻ «አለ» ወይም «የለም» ትላለች። ዝርዝሩ የቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የቀን፣ የሰው ስም ወይም የግጥም ስንኝም ሊሆን ይችላል። አካሄዷ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ለቁጥር አንድ ፈልግ፣ ለስም ሌላ ፈልግ፣ ለቀን ሦስተኛ ፈልግ መጻፍ ድካም ብቻ ሳይሆን የስሕተት መራቢያ ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብዙ ዐይነት የሚሠራ እንዲህ ያለውን ኮድ ባለሙያዎቹ ጄኔሪክ ይሉታል።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ዘአምላኪየ 3 ቤት አለው። ባለቅኔው ስለ ቅዱስ ይቀኝ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ሞት ይቀኝ ስለ ሠርግ፣ ልኩ ያው ነው። ልኩ ለሁሉም ርእሰ ጉዳይ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከሚገባበት ሁሉ የሚጠይቀው ነገር አለው። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ተማሪው ምን እንደሚጠየቅ ከመግባቱ በፊት ማወቁ ነው። ሦስተኛ ቤት ይዞ ወደ ጉባኤ ቃና የሚመጣ ከደጃፉ ይመለሳል እንጂ ዜማው መሐል ላይ ሲደርስ አይደለም የሚያፍረው።

ወደ ፈልግ እንመለስ። እርሷ ከሚሰጣት ነገር የምትሻው ብዙ አይደለም፤ አንድ ነው። «አንተ ከዚህ ጋር አንድ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ መስጠት የሚችል ነገር ብቻ ትሻለች። መደመር አያስፈልገውም፤ ከፍና ዝቅ ማለትም አያስፈልገውም፤ እኩልነትን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በኮምፒውተር ቋንቋ አነጋገር ይህ የዐይነት መስፈርት ይባላል። እንግዲህ ቋንቋዎች የሚለያዩት ይህን መስፈርት የት ቦታ፣ እንዴት አድርገው እንደሚናገሩት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ጨርሶ አለመጠየቅ ነው። ጃቫ የተባለው ቋንቋ ጄኔሪክን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በጃቫ የሚፈጠር ማንኛውም ነገር ከጋራ አያቱ የእኩልነት መልስ ይወርሳል፤ ባለቤቱ የራሱን መልስ ካልሰጠው የወረሰው መልስ «ራሴን እንጂ ማንንም አልመስልም» የሚል ነው። ስለዚህ የጃቫ ፈልግ ምንም አትጠይቅም። በስሞች ዝርዝር ውስጥ ቁጥር 5ን ፈልጊ ብትባል እንኳ «ይህ ምን ማለት ነው?» ሳትል፣ በጸጥታ ፈልጋ፣ በጸጥታ «የለም» ብላ ትመለሳለች። የሚገርመው ያው ጃቫ ዝርዝር አስተካክለሽ ደርድሪ ሲባል መጠየቁ ነው፤ ለመደርደር ነገሩ መበላለጥን የሚያውቅ መሆኑን ከደጃፉ ላይ ሊጽፍ ይችላል። መበላለጥን ጠየቀ፤ እኩልነትን ግን ግልጽ ነው ብሎ አለፈው። ፓይተንም በዚህ ረገድ የጃቫ ዘመድ ነው፤ ማንኛውም ነገር ለእኩልነት ጥያቄ አንድ መልስ ይዞ ይወለዳል፤ መልሱ ይረባ አይረባ የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው መንገድ ካስገቡ በኋላ መጠየቅ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ቴምፕሌት በሚለው ዘዴው ለረጅም ዘመን እንዲህ ነበር። የፈልግ ፊት ለፊት ላይ የተጻፈ መስፈርት አልነበረም፤ ማንም ይገባል። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ከሥራው መካከል ደርሶ እኩልነት ሲያጣ ይጮኻል። ጩኸቱ ደግሞ እንግዳው ስላጎደለው ነገር ሳይሆን ስለ ቤቱ ጓዳ ነው፤ አንድ መሥመር ለተሳሳተ ሰው ገጽ የሚሞላ የስሕተት መግለጫ ይወርድበታል። መስፈርቱን ከደጃፉ ላይ ለመጻፍ የታቀደው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከረቂቁ ወጥቶ፣ ተቃልሎ የገባው በ2020 ነው። አሁንም ቢሆን ከደጅ የተጻፈው ይመረመራል እንጂ፣ ከውስጥ ያለው ሥራ ከተጻፈው በላይ እንዳይጠይቅ ቁጥጥሩ ሙሉ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ መስፈርትን በደጃፍ ጽፎ፣ ከውስጥም በዚያው መታሰር ነው። ይህ አዲስ አይደለም። ባርባራ ሊስኮቭ ከባልደረቦቿ ጋር በኤም አይ ቲ በ1970ዎቹ የሠራችው ክሉ የተባለ ቋንቋ፣ «ይህ ሥራ ለማንኛውም ዐይነት ይሆናል፤ ዐይነቱ እኩልነት የሚባል ተግባር ካለው» ብሎ መጻፍን ያውቅ ነበር። በ1989 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዎቹ ፊሊፕ ዋድለርና ስቲቨን ብሎት አንድ ጥናት አቀረቡ። ከመነሻ ጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው የእኛ ጥያቄ ነበር፤ እኩልነት ለሁሉም የሚሠራ ሳይሆን፣ ለአንድ ብቻም ሳይሆን፣ መልስ ላላቸው ሁሉ የሚሠራ እንዲሆን እንዴት ይደረግ? ያገኙት መፍትሔ ለሐስክል ቋንቋ መለያው ሆነ። እኩልነት የሚባል ማኅበር ይቋቋማል፤ አባል መሆን የሚፈልግ ዐይነት ሁሉ የራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል፤ ፈልግም «የማኅበሩን አባል ብቻ ነው የምቀበለው» ብላ በግንባሯ ትጽፋለች።

ራስት የተባለው፣ የመጀመሪያው የጸና ቅጂው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቋንቋ፣ ከዚህም አንድ እርምጃ ሄዶ እኩልነትን ለሁለት ከፈለው። ከፊል እኩልነትና ሙሉ እኩልነት አሉት። ምክንያቱ ለሰሚ ይደንቃል፤ በኮምፒውተር የክፍልፋይ ቁጥሮች ዓለም ውስጥ «ቁጥር ያልሆነ» የሚባል ውጤት አለ፤ ይህ ነገር በሕጉ መሠረት ከራሱም ጋር እኩል አይደለም! ስለዚህ ክፍልፋይ ቁጥር ከፊል እኩልነት እንጂ ሙሉ እኩልነት የለውም፤ በስም መዝገብ ዐይነት ሠንጠረዥ ላይም በራሱ ቁልፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አይፈቀድለትም። ከራሱ ጋር የማይስማማ ነገር እንዴት ተፈልጎ ይገኛል? ጎ የተባለው የጉግል ቋንቋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ወጥቶ ጄኔሪክን የተቀበለው በ2022 ነው። ሠሪዎቹ ቅለትን መርጠው ቆዩ፤ ሲቀበሉ ግን የተቀበሉት ሦስተኛውን መንገድ ነው። የጎ ፈልግ «ለመተያየት የሚችል» የሚል መስፈርት በግንባሯ ተጽፎባታል።

በእኔ እምነት ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ለማሽኑ ስለሚመች አይደለም። መስፈርቱ ሲጻፍ ጥያቄው ወደሚያውቀው ሰው ይመለሳል። «እኩል ማለት በአንተ ዘንድ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። መስፈርቱ ሳይጻፍ ሲቀር ግን መልሱን የሚሰጠው ልማድ ነው፤ ያ ልማድ ደግሞ የተወለደው በእኛ አገር አይደለም።

ማስረጃው እነሆ። የግእዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ሠንጠረዥ ሀ በ1200፣ ሐ በ1210፣ ኀ በ1280፣ ሠ በ1220፣ ሰ በ1230 ተመዝግበዋል። በድምፅ አንድ ናቸው የሚል ማስታወሻ የላቸውም፤ እንደ አንድ የሚያያቸው የዩኒኮድ ሕግም የለም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ነው፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በስድስቱ ብናባዛ 12 ፀሐይ ይወጣልናል። ለሰፈሯ ሰው አንዲት ሴት ናት፤ ለማሽኑ 12 ሴቶች።

እኔ በባንክ መስኮት የምውል ሰው ነኝ፤ የዚህ ነገር ዋጋ ማን ላይ እንደሚወድቅ በየዕለቱ አያለሁ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ የታወቀ ነው። ልጅ ከዚያ ገንዘብ ይልካል፤ የእናቱን ስም በላቲን ፊደል ጆሮው እንደሰማው ይጽፋል። እናት መታወቂያዋን ይዛ ትመጣለች፤ በመታወቂያው ላይ ስሟ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን፣ በሌላ ጆሮ የጻፈው ነው። አንድ ኤስ የነበረው ሁለት ሆኗል፤ ኢ የነበረው አይ ሆኗል። ማሽኑ «አልተገኘም» ይላል። አይጮኽም፤ «እኩልነትን እንዴት ልረዳው?» ብሎም አይጠይቅም። «አልተገኘም» የሚለው ቃል ለእናት ሲተረጎም «ልጅሽ አልላከም» ይሆናል። ማሽኑ የተናገረው ግን ይህን አልነበረም፤ «እኔ በማውቀው እኩልነት አላገኘሁም» ነበር ያለው። በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ከዱራሜ እስከ ጆሃንስበርግ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። «ታዲያ ይላላ ትላለህ? ገንዘብ እኮ ነው!» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ እውነት አለው። በአንድ ፊደል ልዩነት ይታለፍ ብንል፣ ታደሰ ከታደለ ጋር አንድ ይሆናል፤ ሁለቱ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። እንዲያውም ታደሰ ከታደለ በአንድ ፊደል፣ ታደለ ከገደለ በአንድ ፊደል ይለያልና፣ እየተላለፍን ብንሄድ የታደሰ ሰው በሁለተኛው እርምጃ ገዳይ ይሆናል። እኩልነት ሕግ አለው፤ ሀ ከለ፣ ለ ከመ ጋር እኩል ከሆነ ሀም ከመ ጋር እኩል መሆን አለበት። «ይቀራረባል» እና «እኩል ነው» የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ስለዚህ የምለው ይላላ አይደለም፤ ይነገር ነው። ለመፈለግ የሚያገለግለው እኩልነትና ለመክፈል የሚያገለግለው እኩልነት አንድ መሆን የለባቸውም። ስትፈልግ ለጋስ ሁን፤ የሚቀራረቡትን ሁሉ አውጥተህ አሳይ። ስትከፍል ጥብቅ ሁን፤ መታወቂያ ተመልከት፣ ምስክር ጠይቅ። በ1284/2015 ዓ.ም. አዋጅ የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው፤ ቁጥሩ የፊደል ውዝግብ የለበትም። ስትፈልግ ግን በእጅህ ያለው ላኪው የጻፈው ስም ሊሆን ይችላል። ራስት እኩልነትን ለሁለት የከፈለው ለቁጥር ብሎ ነው፤ እኛ ደግሞ ለሰው ስንል ልንከፍለው ይገባናል።

ሦስተኛው መንገድም ጉድለት አለው፤ አልሸሽገውም። ሐስክል ለአንድ ዐይነት አንድ እኩልነት ብቻ ይፈቅዳል። ጎም ለመተያየት የሚችሉትን ራሱ ወስኗል እንጂ የራስህን እኩልነት በምልክቱ ላይ እንድትጭን አይፈቅድልህም። ጽሑፍ ግን አንድ እኩልነት ብቻ ያለው ነገር አይደለም፤ ይህን ከገጣሚ በላይ የሚያውቅ የለም። በአማርኛ ሠ እና ሰ ቢተካኩ የሚጎዳ የለም፤ በግእዝ ግን ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ሌባ ያደረገው ነው። ፀሐይ ሠረቀ እና ፀሐይ ሰረቀ ማን ይተካካል? ለአማርኛ አንባቢ የሠራው ይቅር ባይ እኩልነት ለቅኔ መምህሩ ጥፋት ነው። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ ፊደሉ አንድ፣ ቃሉ ሁለት። ሰምና ወርቅ የሚባለው ጥበባችን ከዚህ ክፍተት ይመገባል። ቤት ስንመታ ደግሞ ሌላ እኩልነት እንጠቀማለን፤ ዓለም እና ሰላም በመጨረሻ ድምፃቸው እኩል ናቸው፤ በፍቺያቸው ግን ስንት ዘመን ተራርቀው ኖረዋል!

ወደ ጎረቤት ቋንቋ ስንሻገር ጥያቄው ይከርራል። ሀዲይሳና ከምባትሳ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በአጻጻፋቸው የፊደል መደራረብ ጌጥ አይደለም፤ የድምፅ መጥበቅና መርዘም የቃል ፍቺ ይለውጣል፤ ፊደሉ የሚደገመውም ይህን ለማሳየት ነው። እንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ ባለሙያ ለላኪዎች ስም አዝኖ «አንድ ኤስና ሁለት ኤስ እኩል ይሁኑ» የሚል ደንብ ቢሠራ፣ ለስም ፍለጋ ደግ አደረገ። ያንኑ ደንብ በሀዲይሳ መዝገበ ቃላት ላይ ቢጭነው ግን ሁለት ቃል አንድ አድርጎ አንዱን ይቀብራል። ሁለቱም ጽሑፎች በማሽኑ ዘንድ አንድ ዐይነት ናቸው፤ የላቲን ፊደል ድርድር። እኩልነታቸው ግን አንድ አይደለም።

መፍትሔው በቋንቋዎቹ ውስጥ አለ። ጎ ከ2023 ጀምሮ በመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ፈልግ አስቀምጧል፤ አንዷ በቋንቋው እኩልነት የምትሠራ፣ ሌላዋ «መለያውን አንተ ስጠኝ፤ እኔ ልፈልግ» የምትል። ሐስክልም ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ስም አልብሶ በሌላ እኩልነት ማስገባትን ይፈቅዳል፤ «ተራ ጽሑፍ» ሳይሆን «የአማርኛ ስም»፣ «የግእዝ ቃል»፣ «የሀዲይሳ ቃል» ብሎ ለየብቻ መሰየም ይቻላል። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ስያሜ ነው። የሰው ስም ተራ የፊደል ድርድር አይደለም፤ ዐይነቱ ሌላ ነው። በስሙ ከተጠራ የራሱን እኩልነት ይዞ ይመጣል።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አጭሩ ይሻላል» የሚሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አሉ። እርግጥ ነው፤ መስፈርት መጻፍ ያደክማል። ነገር ግን ድካሙ አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ጸሐፊው አንድ መሥመር ሲቆጥብ፣ ያችን መሥመር የምትከፍለው በሰልፍ የቆመችው እናት ናት። ለሁሉም እሆናለሁ የሚል ነገር ከእያንዳንዱ የሚሻውን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ዝም ካለ ለሁሉም ሳይሆን ሠሪውን ለሚመስሉ ብቻ ሆኗል።

ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ ለዚህ አገር ፕሮግራም የምትጽፉ ወገኖች፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። የሰውን ስም ከሰው ስም ጋር የምታስተያይ ማንኛዋም መሥመር በምን ዐይነት እኩልነት እንደምትሠራ በግንባሯ ይጻፍ። የሚጻፈውን ለመወሰንም የፊደሉን ባለቤቶች፣ የግእዝ መምህሩን፣ የሀዲይሳና የከምባትሳ አስተማሪውን ጠይቁ። ለማሽኑ ደግሞ ከእኔ ከግጥም ወዳዱ ይህች ትድረሰው፤

ስሜን ስትፈልግ በዝርዝር መካከል፣
በፊደሉ ብቻ ሰው መቼ ይለካል?
ከበሩ ላይ ጻፈው የምትሻውን ነገር፣
እኔም ልመልስህ ሳልቀር ከደጅህ ዳር።